ከ384 እስከ ቧንቧው

በጤና ሳይንስ ኮሌጆች ኮሪደር ውስጥ 384ን፣ ለጥናት ስንት ሰው ይጠየቅ የሚለውን የናሙና ቁጥር፣ የማያውቅ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ የለም። 1.96 በራሱ ይባዛል፣ በ0.5 ይባዛል፣ አሁንም በ0.5 ይባዛል፣ ለ0.05 ስኩዌር ይካፈላል፤ 384። መልስ ለማይሰጡ 10 በመቶ ሲታከልበት 423። ስለ ተማሪዎች ጤና የተሠራ የመመረቂያ ጽሑፍ አንስቶ ሦስተኛውን ምዕራፍ የገለጠ ሰው ይህችን ቁጥር ወይም ዘመዷን ብዙ ጊዜ ያገኛታል።

ቁጥሯ ጥፋት የለባትም። የተሠራችው ግን ለአንድ ሥራ ነው፤ በአንድ ወቅት፣ በአንድ ሕዝብ ውስጥ፣ አንድ ነገር ስንት በመቶ እንደሚገኝ ለመገመት። «ከ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ስንቱ ጫት ቅሞ ያውቃል?» ለሚል ጥያቄ ትሆናለች። «በትምህርት ቤት የጤና ትምህርት ሰጠን፣ ለውጥ መጣ ወይ?» ለሚለው፣ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ለሆነው፣ አትሆንም። እዚህ የሚነጻጸሩ ሁለት ወገኖች አሉ፤ ትምህርቱን ያገኙና ያላገኙ። ደግሞም የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች አንድ ርዕሰ መምህር፣ አንድ ሽንት ቤት፣ አንድ ቧንቧ፣ ከበሩ ማዶ አንድ ሱቅ ስለሚጋሩ ይመሳሰላሉ። ከአንድ ግቢ 50 ተማሪ ወሰድን ማለት 50 የተለያየ ምስክር አገኘን ማለት አይደለም።

ስሌቱን ሐዋሳ ላይ እናውርደው። ትምህርቱ ከሽንት ቤት ወጥተው እጃቸውን በሳሙና የሚታጠቡትን ከ40 ወደ 55 በመቶ ያደርሳል ብለን እንነሳ። በተለመደው 80 በመቶ የመለየት አቅም (ለውጡ በእርግጥ ካለ የማግኘት ዕድል) እና 5 በመቶ የስህተት ገደብ (ለውጥ ሳይኖር አለ የማለት ዕድል)፣ ትምህርቱን ማን ያግኝ የሚለው ዕጣ ለእያንዳንዱ ተማሪ ቢወጣ በየወገኑ 170 ልጅ ይበቃል። ዕጣው የሚወጣው ለትምህርት ቤት ከሆነ ግን፣ የአንድ ግቢ ልጆች የመመሳሰል መጠን 0.03 ቢሆንና ከየግቢው 50 ልጅ ብንወስድ፣ የናሙናው ማባዣ 1 ሲደመር 49 ጊዜ 0.03 ነው፤ 2.47። 170ው ወደ 420 ያድጋል፤ በየወገኑ 9 ትምህርት ቤት ማለት ነው። ከየግቢው 20 ልጅ ብቻ ብንወስድ ማባዣው ወደ 1.57 ይወርድና 267 ተማሪ ከ14 ትምህርት ቤት ይበቃል። አሥር ልጅ መጨመር የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ አንድ ትምህርት ቤት መጨመር ደብዳቤ፣ ባጃጅ፣ ስብሰባና ደጅ ጥናት ነው። ጥናቱን የሚያጠነክረው ሁለተኛው ነው፤ ሰው የሚመርጠው ግን ቀላሉን፣ የመጀመሪያውን ነው።

ከሁሉ የሚከፋው «አንድ ትምህርት ቤት ለትምህርቱ፣ አንድ ለማነጻጸሪያ» የሚለው አሠራር ነው። በመካከሉ አንደኛው ግቢ አዲስ ርዕሰ መምህር ቢመጣለት፣ ወይም ሌላኛው ቧንቧው ቢበላሽበት፣ ልዩነቱ ከትምህርቱ ይሁን ከርዕሰ መምህሩ የሚነግረን ስታቲስቲክስ የለም። በሶፍትዌር የሚስተካከል ነገርም አይደለም። በአንድ ግቢ ውስጥ 9ኛ ሀን አስተምሮ 9ኛ ለን መተውም መፍትሔ አይሆንም፤ ልጆቹ በእረፍት አብረው ናቸው፣ ማታ አብረው ያጠናሉ፣ ሚኒ ሚዲያው የሰማውን ለሁሉም ያሰማል። በዕጣው ላይ አንድ የሐዋሳ ነገር ይታከላል፤ ሐዌላ ቱላ ገጠር ቀበሌዎችን የያዘ ክፍለ ከተማ ስለሆነ ከታቦር ወይም ከመነኻሪያ ክፍለ ከተማ ጋር በአንድ ባርኔጣ ውስጥ ዕጣ አይጣልበትም። ለብቻው ይመደባል፣ ከውስጡ ለሁለቱም ወገን ይወጣል።

መጠይቁ ላይ ቆም ልበል፤ ብዙው ጥናት የሚበላሸው እዚህ ነው። ከእንግሊዝኛ ይተረጎማል፣ በሌላ ሰው ተመልሶ ወደ እንግሊዝኛ ይገለበጣል፣ ሁለቱ ከተመሳሰሉ «ትርጉሙ ተረጋግጧል» ይባላል። አማርኛ ግን ተርጓሚው የማያየው ቦታ ላይ ወጥመድ አለው። «ጫት ቅመው ያውቃሉ?» የሚለውን የ15 ዓመት ልጅ ሲያነበው ሁለት ነገር ይገጥመዋል። አንደኛ፣ እሱን አንቱ ያለው ወረቀት የቀበሌ ቅጽ ይመስለዋል፤ ለቀበሌ ቅጽ የሚሰጠውን መልስ ይሰጣል። ሁለተኛ፣ «ያውቃሉ» እነሱም ማለት ነው። ሰፈሩን አስቦ «አዎ» ቢል የሚመዘገበው እሱ ቃሚ ሆኖ ነው። «ቅመህ/ሽ ታውቃለህ/ሽ» ደግሞ ገጹን በእዝባር ሞልቶ ዓይን ያደክማል፤ በረጅም መጠይቅ ውስጥ ከመካከል በኋላ ልጆቹ ማንበብ ትተው ማክበብ ይጀምራሉ። የሚሻለው ሁለት ቅጽ ማተም ነው፣ ለወንድ በአንተ፣ ለሴት በአንቺ። በስልክ ወይም በታብሌት ከሆነ የጾታ ጥያቄው ፊት ይመጣና ቀጣዩ ሁሉ በዚያ ይቃኛል።

«ጓደኛ አለሽ?» ሌላው ነው። በጥናቱ ቋንቋ የፍቅር ግንኙነት ማለት ነው፤ ለልጅቷ አብራት በዴስክ የምትቀመጠዋ ናት። «የወንድ ጓደኛ» ማለትም አያድንም፣ የጥናት ቡድኗ ውስጥ ሦስት ወንዶች አሉ። «የአቻ ግፊት» የሚለውን ከመማሪያ መጽሐፍ ውጪ ሰምቶት የሚያውቅ ልጅ ስንት ይሆን? ልጆቹ የሚሉት «ጓደኞቼ ጎትጉተውኝ» ነው። እንደዚያው ይጠየቅ።

አሉታዊ ዓረፍተ ነገርም አለ። «ጫት መቃም ለጥናት አይጠቅምም» ተብሎ ቀርቦ ከፊቱ «አልስማማም» ሲቀመጥ፣ አሉታ በአሉታ ላይ ይደረብና ጎበዙ ተማሪ ሳይቀር ተገላቢጦሹን ያከብባል። የመልሶቹ እርስ በርስ መስማማት ሲሰላ፣ ክሮንባክ አልፋ የሚባለው፣ ከ0.7 በታች ይወርዳል፤ ተመራማሪው ጥያቄውን ያወጣና ይቀጥላል። ችግሩ የነበረው ከልጁ አመለካከት ሳይሆን ከ«አይ» እና ከ«አል» ነበር። ይህን ለማወቅ ቅድመ ሙከራው ላይ አምስት ስድስት ልጆችን አንድ በአንድ አስቀምጦ «ይህን ጥያቄ በራስህ አነጋገር ንገረኝ» ማለት ይበቃል። የናሙናው 5 በመቶ ላይ ተሞከረ ተብሎ አንድ መስመር የሚጻፍለት ሙከራ ብዙውን ጊዜ ሰዓት ከመያዝ ያለፈ ነገር አይሠራም።

ዕድሜም ቀላል አይደለም። «15 ሞልቶኛል» እና «15ን ይዣለሁ» በመካከላቸው እስከ አንድ ዓመት አለ። ስለዚህ የትውልድ ዓመት ይጠየቃል። ልጁ 2002 ይላል፤ መሣሪያው የፈረንጅ አቆጣጠር ላይ ከተተወ በ2017 ዓ.ም. የተጠየቀው የ15 ዓመት ልጅ 23 ዓመት ሆኖ ይመዘገባል፤ ከ10 እስከ 19 ካለው የአፍላ ወጣትነት ክልል ወጥቶ ከትንተናው ይጣላል። መረጃ በስልክ መሰብሰቢያ በሆነው ኦዲኬ ላይ የኢትዮጵያን አቆጣጠር የሚያሳይ አማራጭ አለ፤ ቅጹ ሲሠራ ማብራት ብቻ ነው።

ከዚያ ምሥጢር አለ። ስም ሳይጻፍ የቅድሙንና የኋላውን መልስ ማዛመድ ስለሚያስፈልግ ልጁ ራሱ ኮድ ይሠራል፦ የእናት ስም የመጀመሪያ ፊደል፣ የታላላቆች ብዛት፣ የተወለደበት ወር። ጥሩ ዘዴ ነው። ነገር ግን እናቱ ሐና የሆነች ልጅ በመስከረም «ሐ» ጽፎ በሚያዝያ «ሃ» ይጽፋል፤ ሠናይትም በ«ሠ» እና በ«ሰ»፣ ፀሐይም በ«ፀ» እና በ«ጸ»። ኮምፒዩተሩ ሁለት ልጅ ያደርጋቸዋል። ከማዛመድ በፊት ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ኀን ወደ አንድ፣ ሰና ሠን ወደ አንድ፣ አና ዐን ወደ አንድ፣ ጸና ፀን ወደ አንድ ማምጣት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ካልተሠራ «በክትትል የጠፉ» ተብለው የሚቆጠሩ ልጆች በክፍላቸው ተቀምጠው ይገኛሉ። ሐዋሳ ላይ መጠይቁ በሲዳምኛም መዘጋጀት አለበት፤ ሲዳምኛ የሚጻፈው በላቲን ስለሆነ የኮዱ ፊደል በየትኛው ይጻፍ የሚለው ከወዲሁ ይወሰናል።

የወላጅ ፈቃድ ላይ ብዙ አልልም። ከ18 በታች ለሆነ ልጅ የወላጅ ፈቃድም የልጁ የራሱ እሺታም ያስፈልጋል። ወረቀቱ በልጁ ቦርሳ ከተላከ ግማሹ አይመለስም፣ ከተመለሰው ጥቂቱን የፈረመው ታላቅ ወንድም ነው። ወላጅ በአካል የሚመጣው ካርድ ለመቀበል ነው፤ ያን ቀን በር ላይ ጠረጴዛ ማውጣት ይሻላል።

የቀን መቁጠሪያው ግን ሰፊ ነገር ነው። ስለ አመጋገብ የተማሩ ልጆች ላይ የመጀመሪያው መረጃ በየካቲት፣ የመጨረሻው በግንቦት ተሰበሰበ እንበል። በመጀመሪያው እንቁላልና ወተት የበላ ጥቂት፣ በመጨረሻው ብዙ። ውጤቱ ያምራል። የካቲት ላይ ግን ዐቢይ ጾም ገብቷል፣ 55 ቀን፤ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ በዓለ ሃምሳ ነው፣ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ለውጡን ያመጣው ትምህርቱ ነው ወይስ ፋሲካ? ሐዋሳ ላይ በአንድ ክፍል ውስጥ ኦርቶዶክስ፣ ፕሮቴስታንትና ሙስሊም ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ ነገሩ ይወሳሰባል፤ ረመዳን በየዓመቱ በ11 ቀን ገደማ ቀድሞ ይመጣል። ማነጻጸሪያ ትምህርት ቤቶች ካሉ ጾሙ ሁለቱንም ይነካልና ጉዳቱ ይቀንሳል። «በፊትና በኋላ» ብቻ የሆነ ጥናት ግን መውጫ የለውም።

8ኛና 12ኛ ክፍልን አለመንካት ነው። ሚኒስትሪ የሚፈተን ክፍል ከፋሲካ በኋላ ክፍለ ጊዜ የሚሰጥ ርዕሰ መምህር የለም፣ ሊኖርም አይገባም። ከ8ኛ ያለፉት ደግሞ በመስከረም ለ9ኛ ወደ ተለያየ ትምህርት ቤት ይበተናሉ፤ የስድስት ወር ክትትል የታሰበ ከሆነ አብዛኞቹን ፍለጋ ነው። 7ኛ፣ 9ኛና 10ኛ ይሻላሉ።

የሐይቁን ጉዳይ ያነሱ ጥናቶች ሌላ ቀንም ልብ ማለት አለባቸው፤ የመድኃኒት እደላውን። በሐዋሳ ሐይቅ አካባቢ ያለው ቢልሃርዚያ የአንጀቱ ዓይነት ነው። የሚመረመረው በዓይነ ምድር ነው፣ ካቶ ካትዝ በሚባለው ዘዴ፤ 41.7 ሚሊ ግራም ናሙና ስላይድ ላይ ይደረጋል፣ የተቆጠረው እንቁላል በ24 ሲባዛ በአንድ ግራም ስንት እንዳለ ይታወቃል። ይህ ልጁ ሊያሳምረው የማይችል ውጤት ስለሆነ እወደዋለሁ። ግን በመካከል የፕራዚኳንቴል እደላ ካለፈ፣ በኪሎ 40 ሚሊ ግራም ሂሳብ የተሰጠው ኪኒን ያጸዳውን ጥናቱ ለትምህርቱ ያስመዘግባል። የሁለቱም ወገን ትምህርት ቤቶች መድኃኒቱን በአንድ ሳምንት ማግኘታቸው ካልተረጋገጠ ቁጥሩ ዋጋ የለውም። ማስተማሪያው ራሱም ይስታል። «ሐይቁ ውስጥ ሽንት አትሽኑ» የሚል ፖስተር የሽንት ቧንቧው ቢልሃርዚያ ላለበት አገር የተሠራ ነው። እዚህ እንቁላሉ የሚወጣው በዓይነ ምድር ነው፤ ወደ ውኃው ገብቶ ቀንድ አውጣ ውስጥ ያድጋል፣ ከዚያ ወጥቶ የሚዋኘውን ወይም ልብስ የሚያጥበውን ልጅ ቆዳ በደቂቃዎች ውስጥ ይበሳል። ልጁ ሽንቱን ዳር ላይ ሸንቶ ተመልሶ ቢዋኝ ትምህርቱን በትክክል ተከትሏል፣ ራሱን ግን አላዳነም።

ከውኃ ሳልወጣ የበለዘ ጥርስን ላንሳ። በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ ውስጥ ፍሎራይድ ብዙ ቦታ ላይ ከዓለም ጤና ድርጅት ወሰን፣ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም፣ ይበልጣል። ልጁ ጥርሱ ከድድ ሳይወጣ ይበልዛል፤ በቡሩሽም በመፋቂያም አይለቅም። «የጥርስ ንጽሕና» ተብሎ በዓይን ነጥብ የሚሰጥ ምዘና ይህን ልጅ ቆሻሻ ብሎ ይመዘግበዋል፤ አንዳንዱ መምህር ደግሞ በክፍል ፊት። እንዲህ ያለ መመዘኛ ከመጠይቁ ቢወጣ የሚጎድል ነገር የለም።

አሁን ትምህርቱ ራሱ። አንድ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ስለ ጫት እንውሰድ፣ 60 ልጅ ያለበት ክፍል። በአምስት ደቂቃ እያንዳንዱ በቁራጭ ወረቀት «ልጆች ለምን ይጀምራሉ?» ለሚለው ስም ሳይጽፍ ይመልሳል። ለፈተና መንቃት የሚለው እንደሚበዛ ከወዲሁ መገመት ይቻላል። ቀጣዩ ስምንት ደቂቃ የመምህሩ ነው። ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር ቅጠሉ ሲጠወልግ ይደክማል፤ ለዚህ ነው ትኩስ ጫት በኮባ ተጠቅልሎ የሚሮጠው፣ ለወንዶ ገነት ቅርብ የሆነ ከተማም ዘወትር ትኩሱን የሚያገኘው። ምርቃናው ዓይን ይገልጣል፤ የተጠናው ነገር የሚደላደለው ግን በእንቅልፍ ነው፣ እንቅልፉን ደግሞ ወስዶታል። ይህ ለፈተና ለሚጨነቅ ልጅ ስሜት የሚሰጥ ነገር ነው። «ያሳብዳል» የሚለው አይሠራም፤ አባቱ ወይም አጎቱ እየቃመ ቤት ያስተዳድራል፣ ምናልባትም ዩኒፎርሙ የተገዛው በጫት ብር ነው። መምህሩ አንዴ ካጋነነ የቀረውንም አያምኑትም። አሜሪካ ውስጥ በ1983 የተጀመረውና ፖሊስ ክፍል ገብቶ የሚያስተምርበት ደር የተባለው ፕሮግራም በብዙ ግምገማዎች ተማሪዎችን ከአደንዛዥ ዕፅ የመጠበቅ ውጤቱ እጅግ አነስተኛ ሆኖ መገኘቱ መታወስ አለበት።

ከዚያ 18 ደቂቃ ልምምድ። ዴስኩ ለሦስት ስለሆነ ቡድኑ አስቀድሞ ተሠርቷል፦ አንዱ ይጋብዛል፣ አንዱ እምቢ ይላል፣ አንዱ ያያል። ጋባዡ የሚለው በወረቀት ይሰጠዋል። «ለፈተናው ብቻ ነው፣ ከዚያ ትተወዋለህ።» «እናትህን ነው የምትፈራው?» እምቢ ባዩ ምክንያት አይደረድርም፤ ምክንያት የደረደረ ይከራከሩታል። «አይ፣ እኔ አልቅምም። ነገ ጠዋት ላይብረሪ እንገናኝ» ብሎ ይነሳል። ሦስተኛው ሦስት ነገር ላይ ምልክት ያደርጋል፦ በግልጽ እምቢ አለ? ሌላ ነገር አቀረበ? ተነስቶ ሄደ? በየስድስት ደቂቃው ቦታ ይለዋወጣሉ። የቀረው ዘጠኝ ደቂቃ ወረቀቶቹን ጮክ ብሎ ማንበቢያና ማውሪያ ነው። የሚበላሸው መምህሩ ልምምዱን ወደ ፊት አውጥቶ ድራማ ሲያደርገው ነው። ቀልደኛው ልጅ የመረቀነ ሰው ይሆናል፣ ክፍሉ ይስቃል፣ 57ቱ ተመልካች ሆነው ይወጣሉ። ስለዚህ ተመራማሪው ማየት ያለበት ክፍለ ጊዜው መሰጠቱን ብቻ ሳይሆን ስንት ልጅ «አይ» የሚለውን ቃል በአፉ እንዳወጣ ነው። ጥናቶቹ ግን የሚመዘግቡት አንድ ነገር ነው፤ «ስድስት ክፍለ ጊዜ ተሰጥቷል»።

እጅ መታጠብ ላይ ደግሞ ትምህርቱ ከቧንቧው ሊቀድም አይችልም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመዘኛ ለቀን ተማሪ በሰው 5 ሊትር ውኃ፣ ለ25 ሴቶች አንድ መቀመጫ፣ ለ50 ወንዶች አንድ መቀመጫና የሽንት መሽኛ ያስፈልጋል። እኩል ወንድና ሴት ያሉበት 1,200 ተማሪ ማለት በቀን 6,000 ሊትር፣ 24 የሴት፣ 12 የወንድ መቀመጫ ነው። ይህን የሚያሟላ ግቢ ሲጠበቅ ዓመት ያልፋል። ለእጅ ብቻ ግን፣ ልጁ በግማሽ ሊትር በቀን ሁለቴ ቢታጠብ 1,200 ሊትር ነው፤ 2,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ይሸፍነዋል። ደረቅ ሳሙና ይጠፋል። 30 ግራም የልብስ ዱቄት ሳሙና በ1.5 ሊትር ሃይላንድ ውኃ ውስጥ ይበጠበጣል፣ ክዳኑ በምስማር ይበሳል፣ ሃይላንዱ ከቧንቧው ጋር በሲባጎ ይታሰራል። ሌላም ጥቅም አለው፤ ማታ ስንት እንደጎደለ በማስመሪያ ሲለካ ማንንም ሳይጠይቁ ስንት እንደተጠቀሙ ይታወቃል። «እጅህን ትታጠባለህ?» ተብሎ «አይ» የሚል ልጅ የለም። ነጭ ጋውን ለብሶ ቧንቧው አጠገብ የቆመ ታዛቢ ፊትም ሁሉም ይታጠባል፤ የመጀመሪያው ቀን ምልከታ ይጣላል፣ ታዛቢውም ራቅ ብሎ ሌላ ሥራ ይዞ ይቀመጣል።

የወር አበባ ትምህርትም እንዲሁ ነው። «የወር አበባ በሽታ ነው?» ለሚለው 90 በመቶ «አይደለም» ማለታቸው ምንም አይነግረንም። ሞዴሱ ያለበት ካርቶን የወንድ ምክትል ርዕሰ መምህር ቢሮ ውስጥ ከተቆለፈ ሴሚስተሩ ሲያልቅ እንደታሸገ ይገኛል። ካርቶኑ ሴት መምህርት ዘንድ ወይም በሴቶች ክበብ ክፍል ተቀምጦ በየወሩ ስንት እንደተወሰደ ቢቆጠር፣ ከስም መጥሪያው ላይ የሴቶች ቀሪ ቀን ቢታይ፣ ይህ ውጤት ነው። መጠይቁ በተሞላበት ቀን የቀሩት ልጆችም እንደ «መልስ ያልሰጡ» 10 በመቶ መታለፍ የለባቸውም። የምናጠናው ጉዳይ ነው ቤት ያስቀራቸው ይሆናል፤ በሳምንቱ ተመልሶ እነሱን ብቻ መጠየቅ ነው።

በመጨረሻ ሪፖርቱ ይጻፋል፣ በእንግሊዝኛ፣ 80 ገጽ። ለትምህርት ቤቱ ግን አንድ ገጽ ይበቃዋል፣ በአማርኛና በሲዳምኛ፣ መምህራን ማረፊያ ክፍል የሚለጠፍ፣ ሚኒ ሚዲያውም የሚያነበው። በዚያ ገጽ ላይ የእውቀት ነጥብ ባይኖር አይከፋኝም። ስንት ልጅ እንደተለማመደ፣ ሃይላንዱ ስንት እንደጎደለ፣ ከ60 የትምህርት ቀን ቧንቧው ስንቱን ቀን እንደሠራ ይኑርበት። ይህን የመጨረሻውን የሚመዘግቡት የግቢው ጥበቃ ናቸው። ጠዋት 1፡30 ላይ በሩን ከፍተው ቧንቧውን ዞር ያደርጋሉ፣ ጥበቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ባለው ካላንደር ላይ ከወረደ ክብ፣ ካልወረደ ኤክስ።